የአቶ አሰግደው በልጅግ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ለመሆኑ ስንት ጠመንጃ ጠግነሃል?» ይለኛል። እኔ ምን አውቄ! ጥርስ ነቃይ የነቀለውን ሲቆጥር ይኖራል እንዴ? እኔ የማስታውሰው ጠመንጃውን ሳይሆን ባለቤቱን ነው። ምንሽሩን አንግቦ ቆሞ ካልተጠገነልኝ የሚለውን ቁጡ፣ ውጅግራውን እንደ ሙሽራ በነጠላ ሸፍኖ የሚያመጣውን ቄንጠኛ፣ «ትንሽ ነገር ነች» እያለ ሰደፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ጓንዴ የሚያስረክበኝን ውሸታም። ዛሬ ጎረምሶቹ ክላሽ አንግተው በደጄ ያልፋሉ። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ አልጠላውም። ግን ስለ እሱ ቁጭ ብሎ የሚያወጋ ሰው አላየሁም። በእኛ ጊዜ ጠመንጃ ከሚተኮስበት ቀን የሚወራበት ቀን ይበልጥ ነበር፤ እኔም የናፈቀኝ ያ ወሬ ነው።

የሞላሌ ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ከገብስና ከበግ በቀር ሌላ ሀብት አያውቁም። ጣሊያን ከወጣ ብዙ ዓመት ሳይቆይ፣ የአውራጃው ፖሊስ የመሣሪያ ጠጋኝ ረዳት ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና መሐል ሜዳ ሄጄ ተቀጠርኩ፤ የተመደብኩት ግን እዚያው ሞላሌ ነው። አባቴ ይህን ሲሰሙ ሰንበት እስኪመጣ አላናገሩኝም። በአገራችን ብረት የሚነካ ሰው በምን ዓይን እንደሚታይ የማያውቅ የለም። «የጨዋ ልጅ ጠይብ ሊሆንብኝ ነው» ብለው ለነፍስ አባታችን ከሰሱኝ። ቄሱ ደግሞ ደኅና ጠመንጃ ወዳድ ነበሩ። ወናፍ ሊነፋ ሳይሆን የመንግሥት ዕቃ ሊወለውል ነው የሄደው ብለው አስታረቁን። ወር ሳይሞላ እሳቸው ራሳቸው የወንድማቸውን አልቢን ጠመንጃ በበርኖስ ሸፍነው መጡና «ሞላው ተሰበረበት መሰለኝ» አሉኝ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ለወሬም አይበቃም ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ባሻ ጥላዬ ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ በርኖሳቸውን በፀሐይም የማያወልቁ ሰው። በአርበኝነቱ ጊዜ ዱር ገብተው የአንዱን ጠመንጃ ስባሪ ካንዱ ጋር እያጋቡ የኖሩ ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ እኔም ሹክሹክታቸውን ከጅራፍ ይልቅ እፈራው ነበር። አንድ ሞርሳ፣ ሁለት ሞረድና እጀታው ያለቀ ካቻቢቴ ነበረን። በዚያ ነው የአውራጃውን ብረት ሁሉ ያከምነው።

ባሻ አንድ ልማድ ነበራቸው። ማንኛውም ጠመንጃ እጃቸው ሲገባ መጀመሪያ አፈሙዙን ወደ መሬት ያዞራሉ። ቀጥለው ቃታውን፣ የጀርባውን መቀርቀሪያ፣ ወደ ኋላ ስበው ይከፍቱና ትንሿን ጣታቸውን ጥይት የሚተኛበት ጉሮሮ ውስጥ ከትተው ይዳስሳሉ፤ ያውም ዓይናቸውን ጨፍነው። ራሳቸው አሁን ፈትሸው ያስቀመጡትን እንኳ ደጅ ደርሰው ሲመለሱ እንደገና ይዳስሱታል። አንድ ቀን ደክሞኝ «ባሻ፣ አሁን አይተውት የለም ወይ?» ብላቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ዓይን ይለምዳል ልጄ» አሉኝ። «የለመደ ዓይን የሚያየው ትናንት ያየውን ነው። ጣት ግን ብረት በነካ ቁጥር ይበርደዋል።»

በመንዝ ውርጭ ይህ ቀልድ አይደለም። ክረምት ላይ ጠዋት ጣቴን ከጉሮሮው ሳወጣ የራሴ ጣት አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ቁርጥማት የያዘኝ ይህችው ትንሿ ጣቴ ናት፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

ይህ ልማድ አሁን ሲወራ ቀላል ይመስላል እንጂ በዚያ ዘመን ነውር ነበር። ሰው በቤቱ ጠመንጃውን «እስቲ እየው» ብሎ ሲያቀብልህ ቃታውን ከፍተህ ውስጡን ማየት ባለቤቱን መፈተሽ ነው፤ አላመንኩህም ማለት ነው። የጨዋ ሰው ጠመንጃ ሆዱ ሙሉ፣ ጉሮሮው ባዶ ነው ይባላል። ጥይቱ ካዝናው ውስጥ ተደርድሮ ይቀመጣል፤ ቃታው ተስቦ ካልተመለሰ ግን ወደ ጉሮሮው አይገባም፣ ጣት የሚስበው ምላጭ ቢነካም አይተኩስም። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያምናል። ስለዚህ እንግዳው ጠመንጃውን ይቀበላል፣ ይመዝነዋል፣ ትከሻው ላይ ያስደግፈዋል፣ አነጣጥሮ ምላጩን ይሞክራል፣ «ወይ ጉድ፣ ይኼማ ብረት ነው» ብሎ ይመልሳል። ቃታውን ግን አይነካም።

ባሻ ይህን ነውር በዘዴ ነበር የሚያልፉት። አንድ ጊዜ አንድ ፊታውራሪ በአንጋቻቸው አስይዘው ያመጡትን ጠመንጃ ባሻ ሲከፍቱ አንጋቹ ደሙ ፈላ። የጌታዬ መሣሪያ አይፈተሽም ብሎ እጁን ሰደደ። ባሻ ፈገግ አሉና «ጌታችንን ከልጅነታቸው ጀምሮ አምናቸዋለሁ፤ ከብረቱ ጋር ግን ዛሬ ገና መተዋወቃችን ነው» አሉት። ፊታውራሪው ሳቁ፤ አንጋቹም ጌታው ሲስቁ ምን ያድርግ፣ ሳቀ። እኔ እንዲህ ያለ አፍ አልታደልኩም። እኔ ስናገር ሰው ይቀየማል።

ሞላሌ ሳለን በገበያ ቀን ከመጠገኛ ቤታችን ጥግ ሰው አይጠፋም። በጉን የሸጠ፣ ያልሸጠም፣ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፀሐይ ይሞቃል፤ ወሬው ይጀመራል። ለበን ይሻላል፣ ምንሽር ይሻላል። ያንተ ውጅግራ ሲተኩስ ቆቋ አትበርም፣ ባለቤቱ ነው የሚወድቀው። አንዱ በአባቱ ዲሞፍተር ከገደል ማዶ ያለ ጭላዳ ዓይኑን መታሁ ብሎ ሲምል፣ ሌላው «ቀኙን ነው ግራውን?» ይለዋል። አያ ደስታ የሚባል አንድ ሽማግሌ ነበር፣ ጠመንጃው ከተተኮሰ ዘመን አልፎታል፤ ግን እየመጣ በየጊዜው «ድምፁ ቀነሰብኝ» ይለናል። ባሻ በቁም ነገር ተቀብለው ይወለውሉለትና «አሁን ይሰማል» ብለው ይመልሱለታል።

ትልቁ ጠላታችን ቅቤ ነበር። የመንዝ ሰው ጠመንጃውን ስለሚወድ ቅቤ ይቀባዋል። አንዳንዱማ የበግ ላት ያሸዋል። በብርድ ይረጋና የመምቻው መርፌ አልሄድ ይላል፤ ጠመንጃው ይከሽፋል፤ ባለቤቱ ጥይቱን ይራገማል። ወደ መርሐቤቴ ቆላ ስትወርድ ደግሞ ያው ቅቤ ይቀልጥና አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። በላምባ አጥበን፣ ደረቅ ጨርቅ አሳልፈን፣ ዘይቱን በላባ ጫፍ ብቻ ነው የምንነካው። «እንደ ቅዱስ ቅባት በትንሹ» ይሉ ነበር ባሻ። ባለቤቱ ግን ያልተሠራለት ይመስለዋል፤ ብረቱ ካላብለጨለጨ ደስ አይለውም። ቤቱ ሲገባ ተመልሶ ቅቤውን እንደሚቀባው እያወቅን እንሸኘዋለን።

ከሞላሌ ቀየት፣ ከቀየት መርሐቤቴ ተዘዋወርኩ። ቀየት የነበሩት አለቃ ሰልፍ ወዳድ ነበሩ፤ የፖሊሱን ጠመንጃ ሁሉ በአመድ ያስፈትጉ ስለነበር የብረቱ ቀለም ተገፎ እንደ ሽንኩርት ነጣ። መርሐቤቴ ያገኘኋቸው ደግሞ ብረት ሲያዩ የሚሸሹ፣ ማሲንቆ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ከሁሉም ጋር በሰላም ኖርኩ። በመጨረሻ ግሼ፣ ራቤል ስመደብ ባሻ ሥራ ሊያቆሙ ነበርና ልሰናበታቸው ሄድኩ። የመጨረሻ ምክር ይሰጡኛል ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቅ «ግሼ ከሞላሌ ይበርዳል፤ ዝተት ደርብ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋቸውም።

ራቤል ከሁሉ የወደድኩት ሰው አቶ አሰግደው ነበሩ። በግ የሞላቸው ገበሬ፣ ድምፃቸው የጎላ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ። አንድ በልጅግ ነበራቸው፤ ከልጆቻቸው ቀጥሎ የሚወዱት እሱን ነው፤ ወይዘሮ በለጥሻቸው ግን «ከልጆቹ ያስቀድመዋል» እያሉ ያሾፉባቸዋል። ሰደፉ አርጅቶ ስለነበር አዲስ የዋንዛ ሰደፍ ሠራሁለት። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያማረልኝ የለም። አቶ አሰግደው እየዞሩ ለሰው ሁሉ አሳዩት።

እኔ ደግሞ በነጋ በጠባ ስለ ጉሮሮው እነዘንዛቸዋለሁ። ሰው ሲያቀብሉ ከፍተው ያቀብሉ፣ የተቀበለም ይዳስስ እላለሁ። አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት ይህንኑ ስል «አንተ ሰው፣ ዛሬ ጠመንጃዬን ከፍቶ ያየ እንግዳ ነገ ሌማቴን ከፍቶ ሊያይ ነው» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ይደረጋል፣ አነጋገራቸው ያስቅ ነበር።

የማርያም ማኅበር ተራ አቶ አሰግደው ጋ በደረሰ ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የሆነውን የሰማሁት ከነበሩት ነው። ጽዋው ተጠጥቶ ቄሱ አሳርገው ከሄዱ በኋላ ወሬው እንደ ልማዱ ወደ ጠመንጃ ዞረ። አቶ አሰግደው በልጅጉን ከምሰሶው አውርደው ለጎረቤታቸው ልጅ ለደምሴ አቀበሉት፤ አዲሱን ሰደፍ እንዲያይላቸው። ደምሴ ከታላቅ ልጃቸው ከሽፈራው ጋር አብሮ ያደገ፣ ቄስ ትምህርት ቤትም አብሮ የገባ ጎልማሳ ነው። ተቀበለ፣ ትከሻው ላይ አስደገፈ፣ ብርሃን ወደሚገባበት ወደ በሩ አነጣጠረና ምላጩን ሞከረ። በዚያው ቅጽበት ሽፈራው ገንቦ ጠላ ይዞ በበሩ ገባ። ጠመንጃው ባረቀ፤ ሽፈራው እደጃፉ ላይ ወድቆ ቀረ።

ደምሴ ጠመንጃውን ጥሎ እየጮኸ ወጣ። ሮጦ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ገባና የደወሉን ገመድ ይዞ ተማጠነ። ፖሊስ ቃሉን ተቀበለ፤ ፍርድ ቤቱም የራሱን ይፈርዳል። ደም ግን በፍርድ ቤት አይደርቅም። የሽፈራው ታናሽ ወንድም ተሾመ፣ ያ ሰው ከቅጥሩ የወጣ ቀን እጄ ይፈልገዋል ብሎ ማለ።

ክርክሩ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ነው የወደቀው። ተሾመ የሚለው፣ የአባቴ ጠመንጃ ጉሮሮው ምንጊዜም ባዶ ነው፤ ስለዚህ ቃታውን ስቦ ያጎረሰው ደምሴ ነው፤ አስቦ ነው፤ አባቶቻችን በወሰን የተካሰሱበት ቂም አለ ይላል። ደምሴ ደግሞ ቃታውን አልነካሁም ብሎ ይምላል። ቤት ውስጥ የነበሩት ሲጠየቁ አንዱም እጁን አላየም፤ ሁሉም ስለየራሱ ጠመንጃ እያወራ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተቸገሩና ጠጋኙ ይጠየቅ አሉ። ደምሴ ይኑር ወይ ይሙት የሚለው ነገር እንዲህ ሆኖ እኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ።

በልጅጉን ሲያመጡልኝ የሠራሁት ሰደፍ ላይ ጠላ ደርቆበት ነበር። አፈሙዙን ወደ መሬት አዞርኩ፣ ቃታውን ከፈትኩ። የተተኮሰው ቀለህ ወጣ። ጣቴን ከትቼ ዳሰስኩ። ከዚያ ባዶውን ደጋግሜ ሞከርኩት፣ በሰደፉ መሬቱን መታሁበት፤ ምንም አላለም። ጠመንጃው ደኅና ነው፤ የነካው ጣት ነው። ማን እንዳጎረሰው ግን ከየት አገኛለሁ? ቀለሁን ፀሐይ ላይ አገላብጬ አየሁት፤ ስንት ዓመት የሠራሁበት ብረት አንዲት ቃል አልነግርህ አለኝ። እንደዚያ ቀን ሥራዬን ጠልቼው አላውቅም።

አለቃዬ መቶ አለቃው ደግ ሰው ነበሩ። ብቻዬን ጠሩኝና በሩን ዘጉ።

«ቀለሁ ላይ ዝገት አለ፣ ጠመንጃው ጥይቱን ከጎረሰ ቆይቷል በል» አሉኝ።

«የለበትም ጌታዬ።»

«እነሱ መቼ ያውቃሉ? አንድ ሰው ሞቷል፤ ሁለተኛ አይሙት።»

ምን ልበል? ልክ ናቸው። ውሸቱ ትንሽ ናት፤ የሚድነው ነፍስ ነው። ደምሴንም አውቀዋለሁ፤ ዝንብ የማይገድል ሰው ነው። ሄጄ አሰብኩ፣ ተመልሼ አሰብኩ። ለተሾመ ግን ነገ ሌላ ጠጋኝ ቀለሁን አይቶ ዝገት የለውም ቢለውስ? ያኔ ደምሴን የሚያስጥለው ሽማግሌ አይገኝም። ደግሞም እጄ ያላገኘውን አገኘሁ ማለት አቃተኝ። ቀለሁን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወጣሁ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ሚካኤል ቅጥር ውስጥ ጽዱ ሥር ነበር። ሴቶቹ ወይዘሮ በለጥሻቸውን ከበው በአንድ ወገን፣ ተሾመና ዘመዶቹ በሌላ ወገን። ጠመንጃቸውን ከቅጥሩ ውጭ ነው ያስቀመጡት፤ ግን መሣሪያውን ይዞ ውጭ የሚጠብቃቸው ሰው ነበር። ደምሴ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ አጎንብሶ ቆሟል፤ ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደዚያ ነው የሚቀርበው። አቶ አሰግደው በርኖሳቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው መሬት ያያሉ። ከቀብሩ ወዲህ ድምፃቸውን የሰማ የለም ተባለ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ በሚካኤል ስም አስማሉኝና ብረቱ ምን አለህ አሉኝ። ጠመንጃው ደኅና እንደሆነ፣ በራሱ እንዳልባረቀ ተናገርኩ። ከወዲያ ማጉረምረም ተነሳ።

«ጥይቱን ያጎረሰው ማን ነው?» አሉ።

«አላውቅም» አልኩ። «ያገኘሁት ቀለህ ነው። ቀለህ ማን እንዳጎረሰው አይናገርም።»

መቶ አለቃው ፊታቸውን አዞሩ። የደምሴ እናት እሪ አለች። ተሾመ ተነሳና፣ ሰማችሁ፣ ጠመንጃው ደኅና ነው፣ ሌላ ምን ቀረ ብሎ ወደ ቅጥሩ በር መራመድ ጀመረ። ሰው ገደልኩ ብዬ አሰብኩ፣ በአንዲት አላውቅም።

«ተሾመ፣ ተመለስ» አሉ አቶ አሰግደው።

ያ የጎላ ድምፃቸው የለም፤ ጭል ጭል የምትል ነገር ናት። ተሾመ ቆመ። አባቱ ከመሬት ተነሱ፣ በርኖሱን ከራሳቸው ላይ አወረዱ።

«የማኅበሩ ዕለት ጎህ ሲቀድ ጅብ በረቱን ይዞር ነበር» አሉ። «አጉርሼ ወጣሁ። ሸሸ። ተመልሼ ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት፤ ማውጣቱን ረሳሁ። ትዝ ያለኝ ልጄ ሲወድቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ልናገር አፌን ስከፍት ይዘጋብኛል። ጥይቱን ያጎረስኩት እኔ ነኝ፤ ያቀበልኩትም እኔ ነኝ። ደም የምትመልስ ከሆነ ደመኛህ እኔ ነኝ።»

ተሾመ አባቱን አየ፣ ደምሴን አየ፤ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ እቆመበት ላይ ቁጢጥ አለ። አቶ አሰግደው ወደ ደምሴ ሄዱ። ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ አነሱለት። የሽማግሌዎቹ አለቃ የይቅርታውን ቃል ሊያሰሙ ተነሱ፤ ድንጋዩ ይጣልና ነገሩ ያልቃል ብለን እንጠብቃለን። አቶ አሰግደው ግን አልጣሉትም። በራሳቸው ማጅራት ላይ አደረጉትና እየተንገዳገዱ ወደ ሴቶቹ ሄደው ሚስታቸው እግር ሥር ተንበረከኩ።

ወይዘሮ በለጥሻቸው ብዙ አዩዋቸው። እኔ ከቆምኩበት ሆኜ፣ ይህች ሴት ይቅር ባትል የሚፈርድባት ማን ነው እል ነበር። በመጨረሻ ጎንበስ አሉና ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ተቀበሏቸው። መሬት ላይ አስቀመጡት፣ እላዩ ላይ ቁጭ አሉና የባላቸውን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። ደምሴም ቀስ እያለ መጥቶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ፤ አልከለከሉትም።